«ጽሑፍዎን በደስታ ተቀብለናል»

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወደ ቢሮዬ መጣ። ካራቆሬ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። (የአዲስ አበባውን ሰፈር ማለቴ አይደለም፤ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ አልፎ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችውን የይፋት ቆላ ከተማ ነው።) የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዚያው በትውልድ ቦታው ላይ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ፣ የትኛው ቤት እንደወደቀና የትኛው እንደቆመ በካርታ ላይ አስፍሮ፣ ውጤቱን ከአፈሩ ዓይነት ጋር ለማነጻጸር ሞክሯል። አሁን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ተቀጥሯል።

ያሳየኝ ደብዳቤ «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምራል። ልጁ ሁለተኛ ዲግሪውን እንኳ ገና አልጀመረም። ጽሑፉን ማክሰኞ ዕለት ልኮ ዓርብ ዕለት «በደስታ ተቀብለናል» የሚል መልስ ደርሶታል። ገምጋሚዎች «እጅግ የላቀ ሥራ» ብለውታል ይላል ደብዳቤው፤ ስለ ጽሑፉ ይዘት ግን አንዲት ቃል የለችበትም። በአምስት ቀን ውስጥ 150 ዶላር ከከፈለ በሚቀጥለው እትም ይወጣለታል። ገንዘቡ ከአንድ ወር ደመወዙ ይበልጣል። «ዶክተር፣ ከወንድሜ ልበደር ነበር፤ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ ብዬ ነው» አለኝ።

ስለ እነዚህ መጽሔቶች ሲነገር ለተማሪዎች የሚደርሳቸው ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ «ተጠንቀቁ፣ አጭበርባሪ በዝቷል» ይባልና ይታለፋል። እኔ ግን ነገሩን ከካራቆሬ ተነሥቼ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ ሳይነበብ ሲታተም የሚጎዳው ገንዘቡን የከፈለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

አስቀድሞ ስለ ስማቸው ጥቂት ልበል። በአማርኛ አንዳንዶች «አዳኝ መጽሔቶች» ይሏቸዋል። ይህ ትርጉም አይጥመኝም፤ «አዳኝ» ከማደንም ከማዳንም የሚወጣ ቃል ነው። የማዕረግ ዕድገቱ ለዘገየበት መምህር እንዲያውም ሁለተኛው ፍቺ ሳይታየው አይቀርም። ስለዚህ «ነጣቂ» ልበላቸው። ነጣቂ መጽሔት የሳይንስ መጽሔትን መልክ ይዞ፣ የሳይንስ መጽሔትን ሥራ ሳይሠራ ገንዘብ የሚቀበል ነው። ሥራው ደግሞ ማንበብ ነው። ጽሑፉ ሲደርስ አርታዒው ሙያውን ለሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይልካል፤ እነርሱም ቀዳዳውን እየፈለጉ ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊው ይመልሳል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ጽሑፉ ይወድቃል። የአቻ ግምገማ የሚባለው ይህ ነው። ፍጹም አይደለም፤ ሸፍጠኛ ያመልጠዋል፣ ጥሩ ሥራም ይጥላል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ «አይሆንም» ማለት የሚችል ሰው ከሌለ «ይሁን» የሚለው ቃል ምንም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ይፋት ቆላ ልውሰዳችሁ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ምድር መናወጥ ጀመረች። ከንዝረቶቹ ሁሉ የበረታው፣ መጠኑ 6 ተኩል ገደማ የነበረው፣ በሌሊት ደረሰ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ፣ ናዳም ወረደበት። ተከታዮቹ ንዝረቶች ለወራት ዘለቁ። ካራቆሬ የምትገኘው የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ስለሆነ ነገሩ ለጂኦፊዚክስ ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ምድሪቱ እየተለጠጠች ትሰነጠቃለች።

በጊዜው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ኦብዘርቫቶሪው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሆነው ነው። መሥራቹ ካናዳዊው የጀስዊት ማኅበር አባል ፒየር ጉዋን የካራቆሬን ነገር በአንድ ጽሑፍ ዘግቶ አልተወውም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ የካራቆሬንና በ1969 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰውን መንቀጥቀጥ መነሻ ሥፍራዎች እንደገና አስልቶ በዚያው በኦብዘርቫቶሪው ቡሌቲን አወጣ። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተሰኘው ትልቅ መጽሐፉ ኦታዋ ላይ ታተመ። በውስጡ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ የተለቀሙ የጥንት መረጃዎች፣ በ1842 እ.ኤ.አ. በአንኮበር የደረሰው ጥፋትም ጭምር፣ ከመሣሪያ መዛግብት ጋር ተሰድረው ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ የምተርከው ለታሪክ ያህል አይደለም። አንድ መሐንዲስ ዛሬ በኮምቦልቻ ወይም በሸዋ ሮቢት ፎቅ ሲነድፍ የሚመለከተው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጣና ካርታ ከእንደነዚህ ዓይነት መዛግብት የተጠራቀመ ነው። መዛግብቱም ጥቂት ናቸው። በካሊፎርኒያ ወይም በጃፓን አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ በሺህ ትክክለኛ ጽሑፎች መካከል ይሰጥማል። በይፋት ቆላ ላይ ግን አንድ ሰው «የካራቆሬ አፈር ይህን ያህል ያናውጣል» ብሎ ከጻፈ ምናልባት ከእርሱ ሌላ ያንን የጻፈ አይኖርም። ስለዚህ ይጠቀሳል፤ ሌላ ቁጥር የለማ! ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትናወጥ፣ በጥርና በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጠኑ ወደ 6 ሲደርስ፣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ፣ በአዲስ አበባ የፎቅ ነዋሪዎች በሌሊት ወደ ግቢ ሲወርዱ፣ ሁሉም ሰው የጠየቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ «የኛ ሕንፃ ይችለዋል?» መልሱ የሚፈለገው ከተጻፈው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ መናዘዝ አለብኝ። ከውጭ ሀገር ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ በኋላ፣ የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጽሑፍ ጎደለኝ። በኢሜይሌ ከሚጎርፉት ግብዣዎች አንዱን መርጬ ላክሁ። በዘጠኝ ቀን ታተመ። ያን ጊዜ ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ጽሑፉ ስለ አፈር ንዝረት ነበር። በአለት ላይ የተነጠፈ ለስላሳ አፈር ከታች ተይዞ ከላይ ልቅ ስለሆነ፣ በአንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ይመስላል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቀው በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ የሚፈጠረው የቱቦው ርዝመት የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ሲያህል ነው። ስለዚህ የአፈሩ የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲ የሚገኘው አፈሩን ወደ ጎን የሚያናውጠውን ሞገድ ፍጥነት ለአፈሩ ውፍረት አራት እጥፍ በማካፈል ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 200 ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሜትር ቢሆን 2 ኸርዝ ይመጣል፤ ይኸውም አንዱ ውዝዋዜ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። በሻካራው ግምት አንድ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይጨምራልና፣ ከዚህ አፈር ጋር አብሮ የሚናወጠው ሕንፃ ወደ አምስት ፎቅ የሚጠጋው ነው። እኔ በጽሑፌ «አራት» ማለት ሲገባኝ «ሁለት» ብዬ አካፍዬ ነበር፤ ቱቦውን በሁለት በኩል ክፍት አድርጌው ማለት ነው። በዚያ ስሌት ፍሪኩዌንሲው 4 ኸርዝ ይሆንና፣ አደጋ ላይ ያለው የሁለትና የሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው የሚል ድምዳሜ ይወጣል። የአምስት ፎቁ ባለቤት ጽሑፌን ቢያነብ ተረጋግቶ ይተኛ ነበር።

ስሕተቱን ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ ጽሑፌን ያነበበች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ማንኛውም ገምጋሚ ቢያነበው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያየው ነበር። ለመጽሔቱ የማረሚያ ጽሑፍ ላክሁ፤ ለእርማቱ ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ። ጽሑፉ ይነሣልኝ ብዬ ጻፍሁ፤ ለማንሣትም ክፍያ አለው አሉኝ። ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጡኝም። ጽሑፉ ዛሬም ከነስሕተቱ፣ ከነስሜ፣ በኢንተርኔት ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አርሜ ሌላ መጽሔት ላይ ላወጣው እንኳ አልቻልኩም፤ የታተመን ሥራ ደግሞ ማሳተም ነውር ነው።

ይህ የኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሳይንስ ለተሰኘው መጽሔት አንድ ወጥመድ አዘጋጅቶ ነበር። ከድንጋይ ሽበት የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳትን ይገድላል የሚል፣ ሆን ተብሎ በግልጽ ስሕተት የተሞላ ጽሑፍ ለ304 መጽሔቶች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ ብቻ መለሱት። ልብ በሉ፤ ለጽሑፉ የፈጠረለት ደራሲ አፍሪካዊ ነው፣ የሚሠራበትም የሌለ ተቋም የሚገኘው አስመራ ነው ተብሎ ነበር። የኛ አካባቢ ስም የተመረጠው ማንም ተነሥቶ አያጣራም ተብሎ ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

ኮንፈረንሶቹም ያው ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ክሪስቶፍ ባርትኔክ ስለ ኑክሌር ፊዚክስ ምንም ሳያውቅ በአንድ የአቶሚክና የኑክሌር ፊዚክስ ኮንፈረንስ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። የስልኩን የጽሕፈት ሰሌዳ ከፍቶ «አቶሚክ» እና «ኑክሌር» የሚሉትን ቃላት እየጀመረ፣ ቀሪውን ስልኩ በራሱ እንዲሞላ ተወው። ትርጉም አልባው ጽሑፍ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተቀባይነት አገኘ፤ 1,099 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብም ተጠየቀ። ኮንፈረንሱ ኦሚክስ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ኩባንያውን ከሰሰ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። የንግዱን ስፋት ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ እንዴት ይለያል? «ዝርዝር የለም ወይ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ነበረ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል ለዓመታት የሰበሰበውን ዝርዝር በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት አነሣው። ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ፍርድ ነበረና፣ ድህነትን ከማጭበርበር ጋር አዛምዶ ያያል ተብሎም ተወቅሷል። ይህ ወቀሳ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። የኛ ሀገር መጽሔት እትሙ ይዘገያል፣ ድረ ገጹ ለቀናት ይጠፋል፣ ሽፋኑ ደብዛዛ ነው። የካራቆሬ መነሻ ሥፍራ የታረመበትም ቡሌቲን የሚያብለጨልጭ ነገር አልነበረውም። የነጣቂዎቹን ገጽ ብታዩ ደግሞ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ ነው። በካራቆሬ ገበያ ማሾ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም፤ እጁን እስከ ክንዱ ሰድዶ ከሥሩ ይዘግናል። መጽሔትም ከሥሩ ነው የሚዘገነው።

ከሥሩ መዝገን ማለት የታተሙትን ጽሑፎች ማንበብ ነው። ከምታውቁት የትምህርት ዘርፍ ሦስት ጽሑፍ አውርዱና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። የቀመር ምልክቶቹ ተብራርተዋል ወይ? በሥዕሉ ላይ መለኪያ አለ ወይ? ጠቅላላ ፊዚክስን፣ የንግድ አስተዳደርን፣ የእንስሳት ሕክምናንና ሥነ ጽሑፍን በአንድ እትም የሚያወጣ መጽሔት ገምጋሚዎቹን ከየት ያመጣል? ከአርታዒዎቹ መካከል አንዱን ምረጡና በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ጻፉለት፤ ስሙ እንደተጻፈ የማያውቅ ስንት እንዳለ ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የፖላንድ ተመራማሪዎች ስሟ በሀገራቸው ቋንቋ «አጭበርባሪ» የሚል ድምፅ የሚሰጥ፣ የሌለች ሴት ፈጥረው አርታዒ ልሁን የሚል ማመልከቻ ለ360 መጽሔቶች ላኩላት፤ 48ቱ ሾሟት። ከእነዚህ 40ዎቹ ከቢል ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው፤ 8ቱ ግን በስዊድን በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ የተወሰዱ ነበሩ። ኢምፓክት ፋክተር በሚሰጠው ዋናው መዝገብ ካሉት አንድም አልሾማትም። ማውጫ ይረዳል፣ ዓይን ግን አይተካም።

የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥር አለው ብላችሁ አትታለሉ፤ እርሱ እንደ መኪና ታርጋ ነው፣ ስለ ሾፌሩ አይናገርም። «በእገሌ መዝገብ ውስጥ አለን» ሲሉ የመጽሔቱን ገጽ ትታችሁ ራሱን መዝገቡን ክፈቱ። የታወቀ መጽሔትን ስምና ቁጥር ሰርቀው ሐሰተኛ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉና አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የአፍሪካ መጽሔቶችን በተመለከተ በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፍሪካ መጽሔቶች ኦንላይን ማውጫ ጥሩ መነሻ ነው። የኛዎቹንም አትናቁ፤ ሲኔት የተሰኘው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡሌቲን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው።

ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ወንጀል አለመሆኑንም ልናገር። አንባቢ በነፃ የሚያነባቸው ብዙ የተከበሩ መጽሔቶች ከጸሐፊው ያስከፍላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ሀገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ይህን ባለማወቅ ነጣቂ የሚከፍል ወጣት ሞልቷል። የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርካይቭ የተባለ ነፃ ማኅደር አላችሁ፤ ግምገማ የለበትም፣ ግምገማ አለኝም አይልም።

ዋናው ጥፋት ያለው ግን ከወጣቱ ዘንድ አይመስለኝም። እኔ ራሴ በዕድገት ኮሚቴ ተቀምጬ ጽሑፍ ቆጥሬአለሁ። ቆጥሬአለሁ ነው የምለው፤ አንብቤአለሁ አላልኩም። አንድ አመልካች አምስት ጽሑፍ ካቀረበ አምስት ነው፤ አንደኛው ሦስት ዓመት የፈጀ የመስክ ሥራ፣ አራቱ የዘጠኝ ቀን ዕቃ መሆናቸውን የሚያይ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም የሳይንስ አካዳሚዎች ኅብረት ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ተመራማሪዎች 14 በመቶው በነጣቂ መጽሔት ማሳተማቸውን ወይም በነጣቂ ኮንፈረንስ መሳተፋቸውን አምነዋል፤ ኅብረቱም ከሥር ምክንያቶቹ አንዱ ተመራማሪ በጽሑፍ ብዛት መመዘኑ እንደሆነ ገልጿል። የኛም የትምህርት ባለሥልጣናት መጽሔቶችን እየመዘኑ ዕውቅና መስጠት ጀምረዋል፤ ደግ ነው። ይሁንና ዕውቅና ያለው መጽሔት ላይ የወጣን ጽሑፍም ቢሆን ኮሚቴው ካላነበበው ቆጠራው ያው ቆጠራ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሙሉ የጥናት ጽሑፍ በደቂቃ መጻፍ በሚችሉበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ ከመቁጠር የሚቀልል፣ ከመቁጠር የሚከፋም ነገር የለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዕድገት ከአመልካቹ ሁለት ጽሑፍ ብቻ ተቀብሎ ሁለቱንም ለውጭ ገምጋሚ ቢልክ እመርጣለሁ። ባልደረቦቼ ይህን ሐሳብ አይወዱትም፤ ሥራ ያበዛል ይላሉ። አዎ፣ ያበዛል።

ያ ልጅ ገንዘቡን አልከፈለም። ጽሑፉን ማንሣቱን በጽሑፍ አሳወቃቸው፤ ሁለት የዛቻ ደብዳቤ ላኩለትና ዝም አሉ። አሁንም ሳያስፈቅዱት እንዳያወጡበት ይፈራል፤ የላከበትን ቀንና ደብዳቤዎቹን ሁሉ አትሞ አስቀምጧል። ሥራውን ለአንድ የሀገር ውስጥ መጽሔት ላከ። ሰባት ወር ጠበቀ። ከሰባት ወር በኋላ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት አራት ገጽ ሆኖ መጣለት፤ ሲያነበው ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አንደኛው ገምጋሚ ዓመተ ምሕረትን ወደ እ.ኤ.አ. ሲመልስ በሁለት ቦታ መሳሳቱን አሳየው። ሁለተኛው የባሰውን ጠየቀ፤ «ማጀቴ ላይ ወደቁ የተባሉት ቤቶች ከመንቀጥቀጡ በኋላ በሌላ ቦታ ተሠርተው ሊሆን ይችላል፤ በካርታው ላይ ያለው የድሮው ቦታ ነው ወይስ የአሁኑ?» ልጁ አልጠየቀም ነበር። እኔም አማካሪው ሆኜ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሳምንት ከማጀቴ ደወለልኝ። በዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ የነበሩ አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው መርተው የአባታቸው ቤት የነበረበትን ቦታ አሳይተውታል። እርሱ በካርታው ላይ ካሰፈረው ወደ ሁለት መቶ ሜትር ይርቃል፤ አፈሩም ሌላ ነው፣ ከወንዝ ዳር ያለ ደለል። ገና አራት ቤት ይቀረዋል።